የዳገቱ ራስ የወሬው መጨረሻ አይደለም

ሰዎች በብስክሌት ዳገት ለመውጣት ስለሚያደርጉት እሽቅድምድም የሚጻፈው ጽሑፍ በየአገሩ ቢነበብ አካሄዱ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ቀጥሎ ዝናም ወይም በረዶ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ደካሞች የተባሉት ከመንገድ ይቀራሉ፤ በመጨረሻም አንድ ጀግና ጥርሱን ነክሶ ከዳገቱ ራስ ይደርሳል። ጸሐፊውም በዚያ ላይ ብዕሩን ያስቀምጣል። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ልብን የሚያሞቅ ስለ ሆነ አንባቢ ሁሉ ይወደዋል፤ ነገር ግን የተወደደ ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ጉድለት በጻፈው ነገር ላይ አይገኝም፤ ዝናሙም በእውነት ዘንሟል፥ ዳገቱም በእውነት ከባድ ነበረ። ጉድለቱ የሚገኘው ሳይጽፍ በተወው ነገር ላይ ነው።

ጉድለቱ ከምን ላይ እንዳለ ለማስረዳት፥ አስቀድሞ እሽቅድምድሙ ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። በብስክሌት ዳገት የመውጣት እሽቅድምድም በሁለት ዓይነት ይደረጋል። በአንደኛው ዓይነት ተወዳዳሪዎቹ ከዳገቱ ሥር አንድ በአንድ፥ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ይለቀቃሉ፤ የእያንዳንዱም ጊዜ በሰዓት ተለክቶ፥ አነስተኛ ጊዜ የፈጀው ያሸንፋል። በሁለተኛው ዓይነት ግን ብዙ ብስክሌተኞች በአንድነት ተነሥተው ረጅም መንገድ ከሄዱ በኋላ ተራራ ይገጥማቸዋል፤ የእሽቅድምድሙም መጨረሻ አንዳንድ ጊዜ በተራራው ራስ ላይ፥ አንዳንድ ጊዜም ከተራራው ማዶ በሸለቆው ውስጥ ይሆናል። በሁለቱም ዘንድ የማይለወጥ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የወጣ ሰው ሁሉ መውረዱ ነው። ዳኛው ሰዓቱን ቢያቆምም፥ ሕዝቡም አጨብጭቦ ቢበተን፥ ያ የራሰና የደከመ ሰው ገና የሚመለስበት መንገድ ይቀረዋል። ጸሐፊዎች የተዉት ነገር ይህ ነው።

የቢሾፍቱ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ በሆራ፥ በባቦጋያና በቢሾፍቱ ሐይቅ፥ ጥንት እሳተ ገሞራ በከፈታቸው ጕድጓዶች መካከል ተቀምጧል። ከአዳማ በሞጆ በኩል ወደ እርሱ የሚመጣው አሮጌው መንገድ ከስምጥ ሸለቆው ወደ ደጋው የሚወጣ መንገድ ነው፤ በደቡብ በኩል ደግሞ ቁመቱ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው የዝቋላ ተራራ ከሩቅ ይታያል። በዙሪያው ያለው የአድዓ መሬት በጤፉ የታወቀ ነው። አፈሩ በበጋ የሚሰነጣጠቅ፥ በክረምት ግን እንደ ሊጥ የሚለጠፍ ጥቁር መረሬ ነው፤ በእርሱ ላይ ብስክሌት የገፋ ሰው ጭቃው በጎማና በፍሬን መካከል ገብቶ መንኮራኩሩን እንዴት እንደሚይዘው ያውቃል። ዝናሙ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፤ ብዙ ጊዜም ጧት ብራ የነበረው ሰማይ ከቀትር በኋላ ተለውጦ ዶፍና በረዶ ያወርዳል።

እንግዲህ አንድ ብስክሌተኛ በሐምሌ ወር ከቢሾፍቱ ተነሥቶ ወደ ዝቋላ ራስ ይወጣል እንበል። የተራራው ራስ ከከተማው ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል፥ አየሩም በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ ሰውዬው ከሥር የለበሰው ልብስ ከላይ አይበቃውም። ነገር ግን በሚወጣበት ጊዜ ይህ አይታወቀውም። ሰውና ብስክሌት በአንድነት 75 ኪሎ ቢመዝኑ፥ ያን ክብደት 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 735 ኪሎ ጁል ያህል ሥራ ያስፈልጋል። የሰው አካል ግን ከሚያቃጥለው ምግብ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአራት እጅ አንዱን እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሦስት እጅ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዳገት የሚወጣ ሰው እሳት የነደደበት ቤት ይመስላል፤ ዝናም ቢወርድበት እንኳ እንፋሎት እየሆነ ይለየዋል።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። እግሩ ሥራ ይፈታል፥ እሳቱም ይጠፋል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይጓዝ የነበረው ሰው በ50ና በ60 ይወርዳል፤ ነፋሱም በዚያው ልክ ይበረታበታል። ውሃ ከአየር ይልቅ 25 እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚያስተላልፍ፥ የራሰው ልብስ መከለያ መሆኑ ቀርቶ ሙቀቱን የሚዘርፍ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ጣቱ ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አጥብቆ አይጨብጥም፤ ቢጨብጥም ቸርኬው በውሃ ስለ ረጠበ ፍሬኑ ቶሎ አይዝም። ስለዚህ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ጸሐፊው «አሸነፈ» ብሎ ነጥብ ካኖረ በኋላ ነው።

ይህ በግምት የተባለ አይደለም፤ በታወቁት የዓለም እሽቅድምድሞች ታይቷል። ግንቦት 28 ቀን 1980 ዓ.ም.፥ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988፥ በኢጣልያ ዙሪያ በሚደረገው በጂሮ ዲታልያ ብስክሌተኞቹ ጋቪያ የሚባለውን ተራራ ይሻገሩ ነበር። የተራራው ከፍታ ከ2,600 ሜትር ይበልጣል፤ በዚያን ቀንም በረዶ ይዘንም ነበር። ከሁሉ ቀድሞ ከራሱ የደረሰው ሆላንዳዊው ዮሐን ቫን ደር ቬልደ ነው፤ የለበሰውም እጀ ጉርድ ነበረ። እሽቅድምድሙ በተራራው ራስ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ስሙ በጀግንነት ይነሣ ነበር። ነገር ግን መጨረሻው በማዶ በቦርሚዮ ከተማ ነበረና፥ በቁልቁለቱ ላይ ብርዱ ስላሸነፈው ቆሞ ለመሞቅ ተገደደ፤ ከፊተኞቹም 47 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ገባ። የዕለቱን ድል ያገኘው ሌላው ሆላንዳዊ ኤሪክ ብሮይኪንክ ሲሆን፥ አሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን በ7 ሰኮንድ ተከትሎት ደረሰ፤ በዚያው ቀን የመሪነቱን ሐምራዊ ልብስ ለበሰ፥ ጂሮውንም እስከ መጨረሻው ድል አደረገ።

የዚህ ቀን ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ሲጻፍም ሃምፕስተን በረዶን በክንዱ የረታ ሰው ተደርጎ ይቀርባል። እርግጥ ብርቱ ሰው ነበረ፤ ዳሩ ግን ቫን ደር ቬልደም ብርቱ ነበረ፥ እንዲያውም ዳገቱን ቀድሞ የወጣው እርሱ ነው። የለያቸው ሌላ ነገር ነው። የሃምፕስተን ጓድ አለቆች የተራራውን ወሬ ቀድመው ሰምተው ወፍራም ልብስና ጓንት ገዝተው አዘጋጅተው ነበር፤ ከራሱም አጠገብ ትኩስ መጠጥ ይዘው ጠበቁት። ድሉ ከጕልበቱ ጋራ የጓንትና የትኩስ መጠጥ ድል ነው። ይህን አጕልቶ የጻፈ ሰው ጀግናውን አያሳንሰውም፤ ይልቁንም ለሚያነበው ወጣት የሚጠቅመውን ነገር ይሰጠዋል። ጓንት መልበስን ሁሉም ሊማር ይችላልና፤ የሃምፕስተንን ሳንባ ግን ማንም ከጽሑፍ ላይ ሊቀዳ አይችልም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። ሰኔ 1 ቀን 1948 ዓ.ም. በዚያው በጂሮ ዲታልያ ሉክሰምቡርጋዊው ሻርሊ ጎል ሞንቴ ቦንዶኔ ወደሚባል ተራራ በበረዶ ውስጥ ወጣ። በዚያን ቀን ጧት ከመሪው በ16 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ የቀረ ነበር፤ ማታ ግን መሪ ሆኖ አደረ፥ ጂሮውም የእርሱ ሆነ። ከተራራው ራስ ሲደርስ በብርድ ደንዝዞ ራሱን መቻል ስላቃተው ሰዎች ተሸክመው ወሰዱት። ይህ ወሬ በብስክሌት ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ አንዱ ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ነገር ግን በዚያው ቀን ጧት መሪ የነበረው ኢጣልያዊው ፓስኳሌ ፎርናራ ነው። እርሱም በረዶው ሲበረታበት ከመንገድ ወጥቶ በአንድ ባላገር ቤት ተጠለለ፤ የመሪነቱንም ልብስ በዚያው ተወ። በወሬው ውስጥ ፎርናራ የሚነሣው የጎልን ብርታት ለማድመቅ ነው፤ ልክ ነጭ ነገር ደምቆ እንዲታይ ከሥሩ ጥቁር እንደሚነጠፍ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ፎርናራ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ የሚለውን ነው። ስዊስ አገር ዙሪያ በሚደረገው እሽቅድምድም ቀድሞ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነበረ፤ ከቦንዶኔ በኋላም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957ና በ1958 ሁለት ጊዜ ደግሞ አሸነፈ። ስዊስ ደግሞ የተራራ አገር ነው። እንግዲህ ያ ሰው ዳገት የሚፈራ ደካማ አልነበረም። በዚያች ቀን እሳት ወዳለበት ቤት መግባት እንደሚሻል ፈረደ፤ በሌላ ቀንም ዳገት ወጥቶ አሸነፈ። ወሬውን በቦንዶኔ ራስ ላይ የቈረጠ ጸሐፊ ግን ይህን ሊያይ አይችልም፤ ስለዚህ ማስተዋልን ፍርሃት ብሎ ይጽፈዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ የቤርናር ኢኖ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1972 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር ከሊዬዥ ተነሥቶ በባስቶኝ ዞሮ በሚመለሰው በኮረብታማው እሽቅድምድም በረዶ ወረደ። ከተነሡት 174 ሰዎች 21 ብቻ ደረሱ፤ ፈረንሳዊው ኢኖም ተከታዩን ከ9 ደቂቃ በላይ ቀድሞ አንደኛ ሆነ። በዚያን ቀን ብርድ የጐዳቸው ጣቶቹ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን እንደ ቀድሞው አልሆኑለትም። ጸሐፊዎች ይህን የጣት ነገር ይጽፉታል፤ እንደ ኒሻን አድርገው ይጽፉታል እንጂ እንደ ዋጋ አይቈጥሩትም። ወደ ሞቀ ቤት የገቡት 153ቱ ደግሞ ስማቸው አይነሣም፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በሙሉ ጣታቸው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ለወሬ የሚበቃ ነገር ሆኖ አልታየም።

ይህን የመሰለ አስተያየት የሚሰማ ሰው፥ «ይህ ጀግንነትን ማጣጣል ነው፤ ሁሉ በየቤቱ ቢጠለል ኖሮ እሽቅድምድም የሚባል ነገር አይኖርም ነበር» ይል ይሆናል። ተቃውሞው ሚዛን ያለው ነው። ጎልና ኢኖ ባይኖሩ ኖሮ ሰው በብርድና በዳገት ላይ ምን ያህል ሊታገሥ እንደሚችል አይታወቅም ነበር። ነገር ግን ትዕግሥት የሚመሰገነው ዋጋው ሲታወቅ ነው። ጸሐፊ ዋጋውን ሸሽጎ ዕቃውን ብቻ ቢያሞግስ፥ እንደማይታመን ነጋዴ ይሆናል። ደግሞም የጽሑፉ አንባቢ ጎል አይደለም፤ ፍሬኑ ባለቀ ብስክሌት፥ ያለ ጓንት፥ ዝናም በሚወርድበት ቀን ከመኪና ጋራ መንገድ እየተጋፋ የሚወርድ የሞጆ ወይም የአዳማ ልጅ ነው። እርሱ «ማቆም ነውር ነው» የሚለውን ትምህርት ከጋዜጣ ቢማር፥ ዋጋውን የሚከፍለው ራሱ ነው።

አዘጋጆቹ ራሳቸው ይህን የተረዱበት ጊዜ አለ። ሐምሌ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ብስክሌተኞቹ ሞን ቫንቱ ወደሚባለው ራሰ በራ ተራራ ሊወጡ ነበር፤ ነገር ግን በራሱ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ሹሞቹ መጨረሻውን 6 ኪሎ ሜትር ወደ ታች አወረዱት። በዕለቱ ያሸነፈው ቤልጅጋዊው ቶማስ ደ ጄንት ነው። ሕዝቡ ባጠረው መንገድ ላይ እጅግ ስለ ተጨናነቀ አንድ ሞተር ብስክሌት በድንገት ቆመ፤ መሪው ክሪስ ፍሩምም በዚያው ተጋጭቶ ብስክሌቱ ስለ ተሰበረ ጥቂት መንገድ በእግሩ ሮጠ። ያ ቱር ኢትዮጵያዊው ጽጋቡ ግርማይ ከአገሩ ልጆች ሁሉ የመጀመሪያ ሆኖ የተሰለፈበት ቱር ነው። ከዚያ ቀን ወሬ በዓለም ሁሉ የቀረው የፍሩም ሩጫ ነው፤ አስቂኝም አስደናቂም ነበርና። ተራራውን በ6 ኪሎ ሜትር ያሳጠረው ውሳኔ ግን ጥሩ ድርሰት ሊወጣው የሚችል ነገር ነበር፤ ገንዘብና ክብር በተራራው ራስ ላይ እያሉ «ከዚህ ይበቃል» ለማለት የሚያስፈልገው ድፍረት ቀላል አይደለምና።

የኢትዮጵያን ነገር ከተነሣ ደግሞ፥ ወሬን በመጨረሻው መስመር ላይ የመቍረጥ ልማድ ያስከተለው ሌላ ጉዳት ይታያል። ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ፥ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈችበት ጉባኤ፥ ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የመንገድ እሽቅድምድም ተደረገ። ኢጣልያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ አሸነፈ፤ ገረመው ደንቦባ 24ኛ ሆነ፤ የኢትዮጵያም ብስክሌተኞች በጓድ 9ኛ ሆኑ። ይህ የሆነው አበበ ቢቂላ በሮም ከመሮጡ አራት ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው። ሆኖም ስለ አበበ ባዶ እግር ሕፃን ሳይቀር ሲተርክ፥ ገረመው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «24ኛ» የሚለው ቍጥር ብቻ ነው። ቍጥር ወሬ አይደለም። አንደኛውን ብቻ የሚያይ ብዕር 24ኛውን ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚጽፈው አያውቅም፤ ስለዚህ ሰውዬው ምን ያህል መንገድ እንደ ተጓዘ ሳይሆን ስንት ሰው እንደ ቀደመው ብቻ ይቀራል።

የአገራችን የቀድሞ ጸሐፊዎች በዚህ ነገር ከዛሬዎቹ ይሻሉ ነበር። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ያነበበ ሰው እንደሚያስታውሰው፥ ጸሐፊው ዘመቻውን በድሉ ቀን አይዘጋውም። ሠራዊቱ በየት በኩል እንደ ተመለሰ፥ በየትኛው ወንዝ እንደ ተሻገረ፥ ንጉሡም ክረምቱን በየት አገር እንደ ከረመ ይጽፋል። ይህም የሆነው ያ ጸሐፊ ከሠራዊቱ ጋራ የሚጓዝ ሰው ስለ ነበረ፥ የሞላ ወንዝና የክረምት ጭቃ ከጠላት የማያንስ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ወደ ዝቋላ የሚሄዱ ምእመናንም ሲመለሱ የሚናገሩት የመውጣቱን ድካም ብቻ አይደለም፤ በመውረዱ ጊዜ ጉልበት እንዴት እንደሚንቀጠቀጥና እግር እንዴት እንደሚያድጥ ጭምር ይናገራሉ። በእግሩ የሄደበት ሰው ሁለቱንም መንገድ ይቈጥራል፤ ቆሞ የተመለከተው ግን አንዱን ብቻ።

እንግዲህ ስለ ዳገት እሽቅድምድም የሚጽፍ ሰው፥ በተለይም ዝናም ስለ ወረደበት ቀን የሚጽፍ፥ ከአሸናፊው ስም ጋራ ጥቂት ሌላ ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር ወይስ መረሬ? ሰውዬው ምን ለብሶ ነበር፥ በራሱ ላይስ ምን ጠበቀው? ካቴናውና ፍሬኑ በጭቃ ውስጥ እንዴት ሠሩለት? ያቆሙት ሰዎች የት ላይ አቆሙ፥ ስለ ምንስ? ወደ ታችስ እንዴት ወረዱ? እነዚህ ጥያቄዎች ጽሑፍን የሚያቀዘቅዙ መስለው የሚታዩት ሰው ካለ፥ የጋቪያን ቀን ያስታውስ። ከዚያ ቀን ወሬ ሁሉ አንባቢን ይበልጥ የሚይዘው እጀ ጉርድ ለብሶ ሁሉን የቀደመው ሰው በቁልቁለቱ ላይ የደረሰበት ነገር ነው፤ እርሱም የሚገኘው ከዳገቱ ራስ ማዶ ነው።

ክረምት በገባ ቍጥር የዝቋላ ራስ በደመና ይሸፈናል፤ ከቢሾፍቱ ሆኖ ለሚያይ ሰው ተራራው የተቈረጠ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ተራራው ባለበት አለ፥ የማዶውም ቁልቁለት እንዲሁ። በዚህ አገር ዳገት ላይ ስለሚደረግ እሽቅድምድም የሚጽፍ ብዕር ከተነሣ፥ ብስክሌተኛውን ከደመናው ውስጥ ትቶት አይምጣ፤ ልብሱን ለውጦ፥ እጁን በእሳት አሙቆ፥ ከቤተ ሰቡ ጋራ እስኪቀመጥ ድረስ ይከተለው።